ማሰሪያ ያጣ ቃል

ተቀመጡ። ደብተራችሁን ዝጉት፤ ዛሬ የሚጻፍ ነገር የለኝም። የዓመቱ መጨረሻ ነው፣ እኔ ደክሞኛል፣ እናንተም አራቱን ጥያቄዎች እንደ ስማችሁ ይዛችኋቸዋል። ግዴታ ነበረበት ወይ? ግዴታውን ጥሷል ወይ? ጉዳት ደርሷል ወይ? ጉዳቱ የመጣው ከዚያ ጥፋት ነው ወይ? ከውል ውጪ ኃላፊነት ተብሎ ዓመት ሙሉ ያደከማችሁ ትምህርት ይኸው ነው። ፈተናው ላይ ጻፉትና እለፉ።

ዛሬ ስለ አንዲት አገር ላውራችሁ። ስሟን አትጠይቁኝ፤ ስሟ ሲጠራ የምትቆጣ አገር ናት። ሩቅ ናት እንበል።

የዚያች አገር ሕግ ሲጀመር መልካም ነበር። ቀደምቶቹ የደነገጉት አንድ ቃል ነው፦ «የሰው አካል የጎዳ፣ የጎዳውን አካል ይሁንለት።» እጅ የሰበረ ሰው፣ ያ እጅ እስኪጠገን ድረስ ለተጎጂው እጅ ይሆናል፤ ያርስለታል፣ ያጎርሰዋል፣ ልብሱን ያለብሰዋል። ዓይን ያጠፋ መንገድ ይመራል። ይህን «ምትክ» ይሉታል። ጎጂና ተጎጂ አንድ ገበታ ላይ ሲሰነብቱ ግማሹ ቂም እዚያው ይቀራል። እኔ ከዚህ የተሻለ ካሳ እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ሹሞች መጡ።

መጀመሪያ የተሾመው «አስተዋይ ሰው» ነው። ሕጉ «አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ እንደሚጠይቅ ተምራችኋል። እኛ በሐሳባችን የምንስለው ሰው ነው። በዚያች አገር ግን በሐሳብ የሚሳል ነገር አይወደድም፤ ስለዚህ አንድ ሰው መርጠው ሾሙት። ከዳኛው በስተቀኝ፣ ትራስ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማታ በወንበሩ እንዳለ ተሸክመው ቤቱ ያደርሱታል፣ ጠዋት በወንበሩ ይመልሱታል። ሠላሳ አንድ ዓመት እግሩ መሬት አልነካም። ስላልነካም ማንንም ገፍቶ፣ ምንም ሰብሮ አያውቅም። አስተዋይነቱ የተመሰከረለት በዚሁ ነው።

ቀጥሎ የተሾመው «አሟይ ጸሐፊ» ነው። በዚያች አገር ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ቃል ችሎት አይገባም። ሰው ደንግጦ ዓረፍተ ነገሩን ሜዳ ላይ ጥሎት ሲሄድ፣ ጸሐፊው የጎደለውን ግሥ ከራሱ አምጥቶ ያሟላለታል። ይህም ሲጀመር ለደነገጠ ሰው ታዝኖ ነበር። በምናወራበት ዘመን ጸሐፊው የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ማማሩንም አብዝቶ የሚያውቅ። ሰዎች ጽሑፉን ሲያደንቁለት የተጻፈውን ማንበብ ይረሳሉ፤ እሱም ይህን እንደ ሙገሳ ይቆጥረው ነበር። ጅል ነበር ብትሉ አትሳሳቱም።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ለሹም ጀርባ አይሰጥም። ሹም ሲመጣ መንገደኛ ሁሉ እጅ እየነሳ የኋሊት ይሄዳል፣ ሹሙ እስኪያልፍ ድረስ።

ታዲያ በዚያች አገር፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጉድጓድ ነበር። የአፈር ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው የቆፈረው፤ የፍትሕ ዐምድ ሊተከልበት። ዐምዱ በመንገድ ላይ ነው ይባላል። እየመጣ ነው ሲባል ዓመታት አለፉ፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንድ ተኩል የሰው ቁመት ነው ጥልቀቱ። ክዳን አልተበጀለትም፣ ምክንያቱም ዐምድ እንጂ ክዳን አልታዘዘም።

አንድ ረፋድ ላይ ቢተው የሚባል አዋጅ ነጋሪ ከበሮውን አንግቶ ወደ ፍርድ ቤቱ ይመጣል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። የአፈር ቤቱ ሹም በበቅሎ ከግቢው ሲወጣ ተገናኙ። ቢተው እንደ ልማዱ እጅ እየነሳ የኋሊት ሄደ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ከበሮው ብቻ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረ።

በአጥሩ ሥር እታለማሁ የምትባል ሴት ወንፊት ትሸጥ ነበር። ወንፊቱን እጇ ይሠራዋል፣ ጠርዙን የምታጠብቀው በጥርሷ ነው። ቢተው ሲሰወር «እኔን!» ብላ ጮኸች። ወንፊቶቿን በትና ሮጠች፣ መቀነቷን ፈትታ ወረወረችለት፣ ተንበርክካ ጎትታ አወጣችው። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። የሹሙ በቅሎ እንኳ ደንግጣ ቆማለች። ሹሙ ግን ልጓሟን ሳብ አድርጎ አለፈ።

ጸሐፊው በመስኮት ሆኖ ሁሉንም አይቷል። ወረቀቱን አወጣና፣ «በጉድጓዱ አፍ የተገኘችው ሴት የሰጠችው ቃል፦ እኔን» ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። እኔን ምን?

አያውቅም እንዳትሉ። የዚያች አገር ሰው ልጅ ሲሰናከል፣ ሽማግሌ ሲያስለው፣ የማያውቀው መንገደኛ ጣቱን በር ሲቆርጠው «እኔን» ይላል። እኔን ይድፋኝ፣ በአንተ ፈንታ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ጸሐፊውን ያሳደገችው እናቱ በቀን አሥር ጊዜ ትለው ነበር። ግን የጸሐፊዎች ደንብ ምኞትና ምርቃት እንዳይመዘገብ ይከለክላል፤ ባዶ መተው ደግሞ ያስወቅሳል። እናም በዚያ ባማረ እጁ ግሥ ጨመረላት። «እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ጻፈ፣ አራት ነጥብ አደረገ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለበት።

ችሎቱ የተሰየመው በሦስተኛው ቀን ነው። ዳኛው መጀመሪያ የአፈር ቤቱን ሹም አስጠራ።

«ጉድጓዱ የማን ነው?»

«ጌታዬ፣ የአፈር ቤት አፈር አውጥቷል። ያወጣው አፈር በመጋዘናችን በክብር ተቀምጧል። ጉድጓድ የሚባል ንብረት ግን በመዝገባችን የለም።»

«ታዲያ ደጄ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ምንም ነው ጌታዬ። አፈር የሌለበት ቦታ ነው። ምንም ደግሞ ባለቤት የለውም።»

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ጥልቅ መስሎታል። ወደ ቀኙ ዞሮ አስተዋዩን ሰው ጠየቀው። «አንተ በቢተው ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

አስተዋዩ ሰው ትራሱን አመቻችቶ ረጅም ጊዜ አሰበ። «እኔ ብሆን ቁጭ እል ነበር» አለ።

«በአፈር ቤቱ ሹም ቦታስ ብትሆን?»

«ያን ጊዜም ቁጭ እል ነበር። እሳቸውም በበቅሎ ላይ ተቀምጠው ነበርና ጥፋት አላየሁባቸውም።»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህን ስሰማ ስቄ ነበር። ቢተውን ግን በቃሬዛ አምጥተው መሬት ላይ አስተኝተውት ነበር፣ እሱ አልሳቀም። «ጌቶቼ፣ የማንም ጥፋት ካልሆነ ይቅር። እኔ ወደ ቤቴ ልመለስ» አለ። ይቅር ማለት ግን አልተፈቀደለትም። ጉዳት ደርሷል፣ ስለዚህ ጎጂ መገኘት አለበት። ዳኛው መዝገቡን አገላብጦ በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንድ «እኔ» ያለ ሰው ፈለገ። ሹሞቹ ሁሉ «ተቆፈረ» እንጂ «ቆፈርኩ» አላሉም። «ተሰበረ» እንጂ «ሰበርን» የሚል የለም። አንዲት ሴት ብቻ ተገኘች።

«እታለማሁ፣ እኔን ጠይቁኝ ብለሻል?»

«ኧረ ጌታዬ! ጠይቁኝ መቼ ወጣኝ? እኔን ነው ያልኩት።»

«እኔን ምን?»

«እኔን ነዋ! እኔን… ሰው ሲወድቅ የሚባለው።»

«ማሰሪያ የለውም። እኔን ምን?»

«ሰው እየወደቀ ማሰሪያ ማን ይፈልጋል ጌታዬ? እኔ መቀነት ነው የፈለግኩት።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ቃሉ በትክክል ተመዝግቧል?»

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነበር። ጸሐፊው ብድግ ብሎ፣ «ግሡ የእኔ ነው፤ እሷ አላለችም» ቢል ያልቅ ነበር። እታለማሁም ዘወር ብላ አየችው። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደ ደንቡ ተሟልቷል» አለ። ተሟልቷል! ማን አሟላው? እሱም ከሹሞቹ ጋር በዚያች ቃል ውስጥ ተደበቀ።

ተፈረደባት። የቢተው እግር ሆነች።

ወንበር ጀርባዋ ላይ በጠፍር ታሰረላት፣ ቢተው ወንበሩ ላይ ታሰረ። አዋጅ ነጋሪ በየቀኑ ሰባት ሰፈር ይዞራል። ቢተው ቀጭን ነው ብያለሁ፤ ቀጭንም ቢሆን ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይከብዳል። ወንፊት መሥራት ቀረ። አስተዋዩን ሰው በወንበር የሚሸከሙት አራት ሎሌዎች ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኟት ዝቅ ብለው ሰላምታ ይሰጧት ነበር ይባላል፤ የሸክም ነገር ስለሚገባቸው ይሆናል።

«እትዬ እታለማሁ፣ አውርጂኝና ትንሽ እረፊ» ይላታል ቢተው።

«ዝም ብለህ አንብብ። ገና አራት ሰፈር ይቀረናል።»

«አፈርኩ እኮ። በሴት ጀርባ ላይ ሆኜ…»

«አንተ ምን አደረግክና ታፍራለህ? ማፈር ያለበት በበቅሎው ያለፈው ነው።»

በሁለተኛው ዓመት አዲስ አዋጅ ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ በሰው ጉዳት ፊት እኔን የሚል ቃል ያወጣ፣ ጉዳቱን እንደተቀበለ ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ ያለ ምትክነቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል።» ቢተው ወረቀቱን ገልጦ አየና አጠፈው።

«ይህን አላነብም። ራሴን ቢቆርጡኝም አላነብም።»

«አንብበው፣ ወንድሜ» አለችው። «ዝም ካልክ ደግሞ ምላስ ሁኚው ይሉኛል።»

እና አነበበው፣ በሰባቱም ሰፈር፣ በጀርባዋ ላይ ሆኖ እያለቀሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይሰለቸኛል። ሰዉ ቃሉን ተወው። ሰው ሲወድቅ ሲያይ ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ ይጭናል፤ እንዳያመልጠው። እናቶች ልጆቻቸውን ይህን ያስተምሩ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከነቅቤ ቅሏ ገበያ መሐል ተንሸራትታ ወደቀች። ገበያው በሙሉ ሁለት ሁለት ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ቆመ፣ እሷም ራሷን እየደጋገፈች ተነስታ ሄደች። ቃሉ ሲቀር እጅም አብሮ ቀረ። በፍርድ ቤት የጉዳት መዝገብ እየሳሳ ሄደ፣ ሹሞቹም በአገሩ ጉዳት ቀነሰ ብለው ድግስ ደገሱ።

የቢተው ዳሌ ጠሞ ገጠመ። ባለሙያ አይቶ ድኗል እስኪል ይጠበቅ ተባለ፣ ባለሙያው አልተሾመም። በሰባተኛው ዓመት ቢተው በሳንባ በሽታ ሞተ። ወንበሩን ከእታለማሁ ጀርባ ሲፈቱላት ወገቧ አልተቃናም፤ ጎብጣ ቀረች። ጎንበስ እንዳለች ተመልሳ አጥሩ ሥር ተቀመጠች፣ ወንፊቷን መሥራት ጀመረች።

ጸሐፊውስ? ሹመት አገኘ። ዋና ጸሐፊ ሆነ። በየቀኑ በዚያ በር ይወጣል፣ ወንፊት ሻጯን ላለማየት መዝገብ እያነበበ ያልፋል። ጉድጓዱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ዞሮት ያልፋል።

ቢተው በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዳኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ጸሐፊው ሊሸኘው ወጣ። ለሹም ጀርባ አይሰጥም። እጅ እየነሳ የኋሊት ሄደ። ዳኛው አንድ ጉዳይ እያጫወተው ነበር፣ እሱም «አዎን ጌታዬ፣ አዎን ጌታዬ» እያለ ነበር። በሦስተኛው «አዎን» ላይ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ።

ሲነቃ ከላዩ የሰማይ ቁራጭ ይታየዋል። በቁራጩ ዙሪያ ሰዎች ቆመዋል፣ ሁሉም ሁለት ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ። የሚያውቃቸው ናቸው። እጅ የዘረጋለት የለም። ዳኛው ጉዳዩን ለማን እያጫወተ እንደሆነ ሳያስተውል ሄዷል። ጸሐፊው ሊጮህ ፈለገ። የጎደለ ቃል ሲያሟላ ኖሮ ያን ቀን የራሱ ቃል ጠፋው።

ከዚያ ከላይ የጎበጠች ሴት ጥላ መጣ። ጎንበስ ማለት አላስፈለጋትም፣ ጎንበስ እንዳለች ነው የኖረችው። አየችው። አወቀችው። እናም፣

«እኔን!» አለች።

ሰዉ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። መቀነቷን ፈትታ ስትወረውርለት በመስኮት አዲሱ ጸሐፊ አንገቱን አወጣ፤ ወጣት ነው፣ ወረቀቱን አዘጋጅቷል።

«እኔን ያለው ማነው?» ብሎ ጮኸ። «ከእናንተ ውስጥ ማነው እኔን ያለው?»

ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ዕድሜ ልክ። ያ የጎበጠ ወገብ ሌላ ሰው ሊጫንበት። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መቀነቱን በሁለት እጁ ይዞ፣

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ ጸሐፊው።

አልኩ። አለ አይደለም፣ አልኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዓመት ሙሉ ማሰሪያውን በትክክል አስቀምጡ እያልኩ ስቆጣችሁ ኖሬ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ጸሐፊው፣ ጸሐፊው እያልኩ ቀጠፍኩባችሁ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

«ለማን ነው ያልከው?» አለኝ ልጁ ከላይ።

«ለራሴ። የወደቅኩት እኔ፣ እኔን ያልኩትም እኔ። እንዲሁ ጻፈው፤ ምንም እንዳታሟላ።»

ጻፈ። ጎጂውም ተጎጂውም አንድ ሰው ሆኖ መዝገቡ ተዘጋ። ለእግሬ ምትክ እንድሆን ራሴ ተፈረደብኝ። ይህ ምርኩዝ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ከጸሐፊነት አነሱኝ፣ ማስተማር ለጤናህ ይስማማሃል ብለው ወደ እናንተ ላኩኝ።

እሷ ጎትታ ካወጣችኝ በኋላ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ጥፋቴን የምናገርበት፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ረጅም ንግግር። ጸሐፊ ነኛ። መቀነቷን አራግፋ እየታጠቀች ቀደመችኝ።

«ጠይቁኝ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እስካሁን የጠየቀህ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ። ያን ቀን እኔን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶህ ነበር?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ደንቡ፣ ዕድሜዬ፣ የዳኛው ፊት። «ገብቶኝ ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ አልረገመችኝም። ወንፊቷን አንስታ ጠርዙን በጥርሷ ታጠብቅ ጀመር። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ከተሰበረው እግሬ ይልቅ ያመኛል።

በቃ ይኸው ነው። ነገ ፈተና ላይ አራቱን ጥያቄዎች ጻፉ፤ ሌላ ከጻፋችሁ ይቀንሱባችኋል። የእሷን ጥያቄ ግን ያዙት። ዳኛም ጸሐፊም ሆናችሁ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ለራሳችሁ ጠይቁት።

ሰዓቱ ደርሷል፣ ተነሱ። እኔ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ። ስትወጡ በፍርድ ቤቱ በር ፊት በግራ በኩል እለፉ፤ ጉድጓዱ እስካሁን አልተከደነም።